ቀዩ መብራት እስኪጠፋ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ዘይት ቀይሮ መኪና በቶሎ አስነስቶ አያውቅማ። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ እንጀራዬ ሩጫ ነው፤ ስለዚህ ከደንበኞቹ ሁሉ አብዝቼ የምነጫነጭበት እኔው ልጁ ነበርኩ።

ሌላ ጋራዥ አሮጌውን ዘይት ያፈሳሉ፣ አዲሱን ይሞላሉ፣ ቁልፍ ያዞራሉ፣ አለቀ። አባዬ ዘንድ ነገር እንዲህ አይቀልም። መጀመሪያ አዲሱን ፊልትሮ፣ ማጣሪያውን ራሱን ዘይት ያጠጣዋል፤ ወረቀቱ እስኪጠግብ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፊልትሮውን አስሮ ዘይቱን ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያቀብለውን ወፍራም ሽቦ ይነቅልና ቱታው ኪስ ውስጥ ይከተዋል፤ ሞተሩ እንዳይነሳ። ከዚያ በመስኮቱ አጎንብሶ «አዙሪ» ይላል። ሞተሩ ሳይነሳ እንዲሁ ይዞራል። ትንሽ አሳርፎ፣ እንደገና። ዘይቱ ወጥቶ ብረቱን ሁሉ ሲያዳርስ፣ ከመሪው ፊት ያለችው ቀይዋ የዘይት መብራት ትጠፋለች። እሷ ሳትጠፋ ሽቦው ከኪሱ አይወጣም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ነዳጅ የረገጠ ሰው ወዮለት።

«ብረት ያለ ዘይት ሲፋተግ ለእናንተ አይሰማችሁም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል» ይላል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ የሞተ ሞተር የለም።» ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል። ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ እማዬን ማግባቱን ካልቆጠርነው። እሷ ግን ይቆጠር ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታክሲዬን ዘይት ላስቀይር ወሰድኳት። ሞተሯ ከታደሰ ገና ወር አልሞላትም፤ እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው። እንደ ልማዴ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ስልኬን እነካካ ነበር፤ የዚያን ቀን ባትሪው አልቆ ስለዘጋ የማየው ነገር ሳጣ መብራቷን አየሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ሳዞር አባዬ «ጠፋ» አለና ሽቦውን ከኪሱ አወጣ።

«አልጠፋም አባዬ።»

«ጠፍቷል እኮ ነው የምልሽ።»

«ቀይ ነው። ይኸው ፊት ለፊቴ።»

አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። አፍንጫው የመብራቷን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከመኪናዋ ስር ገባ። አዲሱ ዘይት መሬቱ ላይ ተኝቷል። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አባዬ ሳያየው አዲሱን በላዩ አጥብቆበት ኖሯል፤ ዘይቱ በሁለቱ ጎማ መሃል ይሾልካል። ሽቦውን መልሰን አስነስተነው ቢሆን ኖሮ ሞተሬ አልቆለት ነበር።

አባዬ ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ዓይንህ?»

«ከክረምቱ ወዲህ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል። ይተወኛል ብዬ ነው።»

እማዬ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ እንደሚያፈስ ነግራኝ ነበር። ስቄ ነው ያለፍኩት።

«ከክረምቱ ወዲህ ስንት መኪና ‹ጠፋ› ብዬ ለቅቄ ይሆን?» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬውኑ ሁሉንም ጥሪያቸው» አለኝ። «አንድ ሞተር በእኔ ሰበብ ተጎድቶ ከሆነ ጋራዡን እዘጋለሁ።» እያስፈራራኝ አልነበረም፤ አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል። በእሱ ስልክ አሥራ አንድ ሰው ጋ ደወልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው መኪና በመኪና ሆነ። እኔ ከስር እየገባሁ ፊልትሮውን አያለሁ፣ እሱ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ደግኖ ያዳምጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ሳያድበሰብስ ነገረው፤ «ዓይኔ መብራቱን አያየውም። ሳላይ ጠፋ ብዬህ ይሆናል፤ ይቅር በለኝ።» አሥራ አንዱም ደህና ሆነው ተገኙ። እሱ ግን አላመነም፤ ዕድል ነው እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ ከደንበኞቹ አንዷ፣ ዳቦ አከፋፋይዋ፣ ከመኪናዋ ወረደች።

«ጋሼ፣ ምን ዕድል ነው የሚሉት? እርስዎ ‹ጠፋ› የሚሉት እኮ እኔ ‹ጠፋ ጋሼ› ካልኩ በኋላ ነው።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለ ሌላው ደንበኛ፣ መምህሩ። «ከስርም ጎንበስ ብዬ ሳላይ አልሄድም። ሁላችንም ተነጋግረንበታል።»

አባዬ ሁሉንም በየተራ አየ። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጋራዡን ይዘጉታላ» አለችው ዳቦ አከፋፋይዋ።

ፊቱን በቱታው እጅጌ ጠረገና «ነገ ዓይኔን እታያለሁ፤ እስከዚያ ማንም ዘይት እንዳይቀይር» አለ።

ደንበኞቹ «ጋሽ ቆይ አሁንም ቆዩ አሉን» እያሉ ተሳሳቁ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ከክረምቱ ጀምሮ ባዕዱ ሁሉ መሪው ላይ ተቀምጦ ለአባቴ ሲያይለት ከርሟል። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ከዛሬ በፊት ሦስት ጊዜ ዘይት አስቀይሬ፣ ቀና ብዬ ያላየሁት እኔ ልጁ ብቻ ነበርኩ።