ሰርቨሯን ያለበስኳት ባና

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱ ጠፍቶኛል። ወሩ ግን ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ይሆናል፤ በከተማችን በጎረቤላ ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎት ነበርና።

እኔ የመሬት መዝገብ በሚያዝበት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንዲት ጥቁር ሣጥን አስቀመጡ፤ ሰርቨር ይሏታል። በየጠረጴዛው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይል የሚያመጡት ከእሷ ነው። የወረዳው ገበሬ ማሳ ከነድንበሩ እዚያች ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል ሲሉኝ፣ ክፍሉን ልጠርግ በገባሁ ቁጥር ባርኔጣዬን አወልቅ ጀመር።

ያን ሰሞን መስኮቱ አልገጥም ብሎ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷም ውስጧ ይንዘፈዘፋል። ይኼን ሁሉ የሰው አደራ ተሸክማ በረዳት አልኩና፣ ከቤቴ ባና አመጣሁ፤ ያንን በበግ ጠጉር የተሠራውን፣ ወፍራሙን የመንዝ ባና። እስከ ታች አለበስኳት።

በማግስቱ ፋይል አልመጣ አለ። ያን ዕለት ከገደሉ ሥር በእግሯ የወጣች አንዲት ባልቴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ማሳዋን አርሶባት፣ ከሰዓት ችሎት አላት። የይዞታዋን ቅጂ ካላቀረበች ማሳው መሄዱ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ እየመጣ ነው» አላት ጸሐፊው።

«አዬ ልጄ፣ እኔ ያን ገደል ወጥቼ ደርሻለሁ። ይኼ ከጓዳ እስኪወጣ ይኼን ያህል?»

የኮምፒውተር ባለሙያችን መጣች፤ የጫጫ ልጅ ናት፣ ገና ወጣት። ገመዱን አየች። አንዱን ኮምፒውተር ሞከረች፣ ሌላውን ሞከረች። «ሁሉም ጋ ቀርፋፋ ነው። እንግዲያው ጥፋቱ ከሚቀዱት ኮምፒውተሮች አይደለም፤ ከምንጩ ከሰርቨሯ ነው» አለች።

ምንጩን ከእኔ በቀር የነካው የለም።

«ልጄ፣ ትናንት እኔ… አልብሻታለሁ።»

«ምን አለበሷት?»

«ባና።»

ጸሐፊው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «አባባ፣ መቀነትም ይጨምሩላት እንጂ!»

ባለሙያዋ ግን አልሳቀችም። ገብታ ባናውን ገለጥ አደረገችና እጄን ይዛ ከሰርቨሯ ጀርባ አስጠጋችው። እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል።

«አልበረዳትም፣ አባባ። የሚንዘፈዘፉት ማራገቢያዎቿ ናቸው። ስትታፈን ግን እንዳትቃጠል ብላ ራሷ ሥራዋን ታዘገያለች።»

አምላኬ! ነፍስ የሌላት ብረት መጨነቋን አውቃ፣ ዳገት እንደከበደው በቅሎ ርምጃዋን ትቀንሳለች! ባናዬን ገፍፌ አነሳሁላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማራገቢያዎቿ ጩኸት ረገበ።

ወዲያው የባልቴቷ ወረቀት ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ብቅ አለ፤ ድንበሩ፣ አዋሳኙ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሟች ባሏ ፎቶግራፍ። ባልቴቷ በሁለት ጣቷ ጉንጩን ነካችው። «ይኸው፣ እሱ ራሱ ሊመሰክርልኝ መጣ» አለች። ጸሐፊው አትሞ ሰጣት። ቅጂውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች፤ ችሎቱ ሳይሰየም ደረሰች።

ማታ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሰርቨሯ ምን ሆና እንደነበር ጠየቀ። ባርኔጣዬን ጨብጬ ስንብቴን ስጠብቅ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«አየር አጥሯት ነበር። አባባ ምክንያቱን ነገሩኝ፣ አስተካከልን።»

ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ያን ቀን ከሀፍረት ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ የጫጫዋ ልጅ፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን።