የወገን አውሮፕላን

ጎረቤቴ ሆላንዳዊት ናቸው። ስዊድን አገር፣ ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ስንኖር አሥራ አራት ዓመት ሆነን። በስዊድንኛ «አንቺ» ነው የምንባባለው፤ አንቱታ እዚህ አገር ለንጉሡ ካልሆነ ለማንም የለም። በአማርኛ ስጽፋቸው ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸውን ሴት «እሷ» ማለት አልችልም።

የተወለዱት ዜላንድ በሚባለው የሆላንድ ክፍለ ሀገር፣ ከባሕር ወለል ዝቅ ያለች አንዲት ደሴት ላይ ነው። መንደሩን ከባሕሩ የሚለየው ግድብ ብቻ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ጀርመኖች ደሴቲቱን ይዘው መድፎቻቸውን በባሕሩ ዳር ደርድረው ነበር። እንግሊዞች እነሱን ለማስለቀቅ ግድቡን በቦምብ ቀደዱት። ባሕሩ ገባ። ግድቡ ሥር የሚኖሩት አክስታቸው ከነቤታቸው በውሃው ተወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ቤት ይገባል፣ ሁለቴ ይወጣል፤ እናታቸው ውሃው በሸሸ ቁጥር ጭቃውን ከወለሉ ይጠርጉ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ነጻ አውጪዎቹ በጀልባ መጡ። የገቡትም በዚያው በተቀደደው በኩል ነው።

ይህን የነገሩኝ በአንድ ቀን አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሪንከቢ ቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰብ የአማርኛ አንባቢዎች አለን፤ በዓመት አንዴ የየራሳችንን ጽሑፍ በአንድ መድበል እናወጣለን። የዘንድሮው ርእስ «ጎረቤቴ» ሲሆን ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ።

«በፈለግሽው ቋንቋ ጻፊው» አሉ። «የደበደቡን የራሳችን ሰዎች መሆናቸውን ግን እንዳትለውጪብኝ። እናቴ እነዚያን ወታደሮች አቅፋ ስማለች፤ እኔም ከእጃቸው ነጭ ዳቦ በልቻለሁ። ግድቡን የቀደዱትም እነሱ ናቸው። ሰው ስነግረው ወይ ያንን ይሰማል ወይ ይሄን። ባሌ ራሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእንግዳ ሲያወራ ‹ጀርመኖች ቀደዱት› እንዳለ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አርሜው አልታረመልኝም።»

«እኔ አልለውጠውም» አልኳቸው።

በእሳቸው አንደበት አድርጌ ሁለት ወር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። «የራሳችን ሰዎች» ላሉት የሚሆን ቃል ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እኛ ያደግነው ራዲዮ «የወገን ጦር» እና «የጠላት ጦር» እያለ ዜና ሲያነብልን ነው። «የወገን አውሮፕላኖች ግድባችንን ደበደቡት» ብዬ ጻፍኩና ደስ አለኝ።

የመድበሉ አራሚ ጡረታ የወጡ ምሁር ናቸው፤ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ አስተምረው የሸበቱ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊሄድ፣ ቅዳሜ የታረመውን ሲያድሉን የኔን ገለጥኩ። «የጠላት አውሮፕላኖች ግድባችንን ደበደቡት» ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንድ ቃል ተቀይራለች።»

«እኔ ነኝ የቀየርኳት። የብዕር ስህተት ነበረች» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

«ስህተት አይደለችም። የደበደባቸው ወገን ነው።»

«ምን ዓይነቱ ወገን ነው የሚደበድብ?»

«ኧረ ጋሼ! ወገን ያልደበደበን መቼ ነው?» አለች ከቴርሞስ ሻይ የምትቀዳልን ሴት። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

ጋሼም ሳቁ፤ ግን አልለቀቁኝም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጡና በጣታቸው አሳዩኝ። «ራስሽ ምን ብለሽ ጀመርሽ? ‹በጠላት ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር።› በጠላት ጊዜ ቦምብ የሚጥል ማነው? እንዲያውም እኔ፣ ጣሊያን ሆላንድ መቼ ገባ ብዬ ነበር።»

አነበብኩት። እውነታቸውን ነው። ለኛ «የጠላት ጊዜ» አንድ ነው፣ የጣሊያን። ሳላስበው ከብዕሬ ወጥቶ የሴትዮዋን ጦርነት የኛ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ የሚያንዣብብ አውሮፕላን ሁሉ በአንባቢው ዓይን የጠላት ነው። ጋሼን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።

እርሳሴን አወጣሁ። «እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩና ሰርዤ «በጀርመን ወረራ ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። «እዚያኛው ላይ ግን ልኩ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ‹የቃል ኪዳን ኃይሎች› እንበለዋ። የታሪክ መጻሕፍቱ የሚሉት እንደሱ ነው።»

«መጻሕፍቱ አክስት አልሞተችባቸውም። ሴትዮዋ ያሉት የራሳችን ሰዎች ነው።»

«የግርጌ ማስታወሻ ላግባልሽ?»

«የግርጌ ማስታወሻ ከደገፈው ዐረፍተ ነገሩ በራሱ አልቆመም ማለት ነው። ወይ እንዳለ ይታተም፣ ወይ ጽሑፌ ይውጣ።»

ቀና አሉ። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። «አንቺ ልጅ፣ ኮምቩክስ ለጎልማሳ ትምህርት የገባሽው ልጆችሽን ድረሽ አይደለም እንዴ? ደግሞ እኛን ልታርሚ?»

«ዘግይቼ ስለገባሁ ጋሼ፣ የተማርኩትን ገና አልረሳሁትም።»

አሁን ሳቁ ከሆዳቸው መጣ። ሳቁን ሲጨርሱ ግን አራሚነታቸው ተመለሰ። «ደውይላቸው። ከራሳቸው አፍ ልስማ።»

ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጋሼ በዚያ በጠራ ስዊድንኛቸው ራሳቸውን አስተዋውቀው፣ ግድቡን የደበደበው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

«የራሳችን ሰዎች» አሉ ጎረቤቴ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከዚያ በኋላም የራሳችን ይሏቸዋል?»

«ታዲያ ማን ልበላቸው?» አሉ። «የሌላ ሰው ቢሆኑማ ጠልቻቸው በተገላገልኩ ነበር። የኔ ስለሆኑ ነው ሰማንያ ዓመት የማወራው።»

ጋሼ እስክሪብቷቸውን አነሱና «የጠላት» የምትለዋን በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከበላይዋ በዚያ በተስተካከለ እጅ ጽሕፈታቸው «የወገን» ብለው ጻፉ። ከስሩም እንደ ደንባቸው ፈረሙ።

«ምን ወሰናችሁ?» አሉ ጎረቤቴ ከስልኩ ውስጥ። «ቃሉ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?»

«ወገን» አሏቸው ጋሼ፣ ፊደል ፊደሉን ለይተው።

የሆላንድ ሰው «ገ»ን ከጉሮሮው ነው የሚያወጣት። «ወኸን» አሉ ጎረቤቴ።

«ልክ ነው» አሉ ጋሼ።