የአጎቴ የዓሣ ሟርት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከማልወደው ሰው አፍ ነው። ጋሽ ጌታሁን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ወንዝ ለወንዝ እየዞረ የትኛው ዓሣ የት እንደሚኖር ያጠናል፤ ከመስክ ሲመለስ ደግሞ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ከነመረቡና ከነሽታው ይገባብናል። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰፈሩ በጊዜ በሩን ይቀረቅራል፤ መብራቱም ሲሻው ይጠፋል። የጎረቤት ልጆች ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሲወራላቸው፣ እኛ በኩራዝ ብርሃን የከሰል ምድጃውን ከበን ስለ ዓሣ እንሰማለን።

ሲተርክ ፊቱ አይፈታም። ብንስቅ ይቆጣል፣ ብናንቀላፋ ፍሙን ቆስቁሶ ጭሱን ወደ ዓይናችን ይሰድድብናል። «ለእናንተ ለፒያሳ ልጆች ዓሣ ማለት ተጠብሶ ሎሚ የተጨመቀበት ነው» ይለናል። በእሱ ተረት ግን ወንዝ ራሱን የቻለ አገር ነበር። ከላይ ከተራራው ሥር፣ ውሃው ቀዝቃዛና ፈጣን በሆነበት፣ ድንጋይ ተጠግተው የሚኖሩ ጣት የማያህሉ ዓሦች ብቻ አሉ፤ ዝቅ ሲባል ቢልጫ ይመጣል፤ ከሁሉም በታች፣ ውሃው ሰፍቶ በሚደፈርስበት፣ ጭቃ የሚወደው ባለ ጢሙ አምባዛና ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይነግሣሉ። ክረምት ሲገባ ያ ሁሉ ሥርዓት ይፈርሳል። የታቹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ገባር ወንዞቹ ይሞላሉ፣ በበጋ ደርቆ የነበረ ጅረት በግልገል ዓሣ ይርመሰመሳል። ሰውየውን ሳልወደው ተረቱን አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር፤ ይህም ይበልጥ ያናድደኛል።

ከእኔ የባሰ የሚናደድበት ወንድሜ ኤልያስ ነበር። አምስት ኪሎ አካባቢ የሚማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ከክፍል መጥፋት ጀምረዋል፤ ገሚሱ ታስሯል፣ ገሚሱ የት እንደገባ አይታወቅም። በዚያ በጋ ማብቂያ ላይ ጋሽ ጌታሁን አንድ ተረት ብቻ ይደጋግም ጀመር። ዝናብ ሲርቅ ወንዙ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። የላዩም የታቹም ዓሣ፣ ትልቁም ትንሹም፣ እዚህ ውሃ አለ ብሎ አንድ ኩሬ ውስጥ ይታጨቃል። ያኔ ሰው ብርብራ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ወቅጦ ይመጣና ዱቄቱን ይበትንበታል። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ለመልቀም መረብም አያስፈልግም።

አንድ ምሽት ኤልያስን ትኩር ብሎ እያየ፣ «አሰሳ ሊጀመር ነው ይባላል» አለው። «እኛ ሐሙስ በመኪና ወደ ታችኛው አዋሽ እንወርዳለን። መረብ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ክረምቱ እስኪገባ እዚያው ትቆያለህ።»

«ቢልጫ ጎርፍ ሲመጣ ሽቅብ ነው የሚወጣው አላልክም ጋሼ?» አለ ኤልያስ። «እኔም እንደሱ ነኝ።»

«እንቁላል ሊጥል ነው የሚወጣው፣ ሊፎክር አይደለም።»

«የፈሪ ተረትህን ለዓሦችህ ንገራቸው!»

እናቴ ጣልቃ ገባች፤ የተቆጣችው ግን ወንድሟን ነው። «በቤቴ ሟርት አታውራ! ልጄ ከዓይኔ ሥር ከሆነ ማን ይነካዋል? ምላስህን ሰብስብ።»

«እትዬ፣ ሟርት አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው…»

«ያየኸውን አፈር ይብላው!»

ሐሙስ ያለ ኤልያስ ሄደ። እናቴ ኤልያስን ትምህርት ቤት እንዳይሄድ ከለከለችው። ሁለት ጓደኞቹም መጠጊያ አጥተው ሲመጡ አንጀቷ አልቻለም፤ እኛው ቤት አስገባቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች ሰፈሩን ከበው ቤት ለቤት ሲገቡ፣ ሦስቱንም አንድ አልጋ ላይ ተደርድረው ሻይ ሲጠጡ አገኟቸው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ እግር ስትስም አንደኛው በሰደፍ ገፈተራት። ሦስቱም ተጭነው ሄዱ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።

ጋሽ ጌታሁን በሳምንቱ ሲመለስ እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። ማልቀስ እንኳን ክልክል ስለነበር ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ፣ «አሟርተህ ልጄን አስበላህብኝ» አለችው። «የበላው ያንተ አፍ ነው።» ክርክር የማይሰለቸው ሰው ያን ቀን ዕቃውን ሸክፎ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረደ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስሙ በቤታችን አልተጠራም። ቀብሯ ላይ ከሰው ኋላ ተሸጉጦ አየሁትና ፊቴን አዞርኩበት።

ዛሬ ሳስበው እውነቱን እንደነገረን አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁም አልወደውም፤ ድምፁ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ኤልያስን ሊወስዱ የመጡት ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ከካኪ ልብስና ከጠመንጃ በቀር የአንዳቸውም መልክ አእምሮዬ ውስጥ የለም። የአጎቴን ፊት ግን እስከ ግንባሩ መስመር አውቀዋለሁ። የሚጠላ ሰው ፊት ያስፈልገዋል፤ እናቴና እኔ በቅርብ ያገኘነው የእሱን ነበር።