በቀን ሦስት ቃል

ሐረር ጀጎል ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልኩ አሰለቻለሁ፤ ራሴ ግን መብረር ካልሆነ መራመድ የማልወድ ሰው ነኝ።

በግቢው የሚነገረው ሐረሪኛ ነው። ለእኔ ሲሉ አማርኛ ያወሩልኛል፤ ወደ ክፍሌ ስገባ ወደ ቋንቋቸው ይመለሳሉ፣ ሳቁም ያኔ ይደምቃል። ክፋት የለባቸውም። ቢሆንም የሰው ሳቅ ዘወትር በግድግዳ በኩል መስማት ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለዚህ እመኛለሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ሰርግ ቤት ከሽማግሌዎች መሃል ተቀምጬ በሐረሪኛ ስቀልድ፣ ሰው አፉን ይዞ ሲገረም ይታየኛል። ደህና ደብተር ገዛሁ። የዓመት ዕቅድ አወጣሁ፣ ሠንጠረዡን በሦስት ቀለም አሰመርኩት። የጨረስኩ ዕለት ቋንቋውን የቻልኩ ያህል ደስ ብሎኝ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

አዴ የምላቸው አሮጊቷ የቤቱ ባለቤት ከቀትር በኋላ በራቸው ላይ ስፌት ይሰፋሉ። ያኔ የያዙት ለልጅ ልጃቸው ሰርግ የሚሰቀል የግድግዳ ስፌት ነበር። በቀን አንድ ዙር፤ ቢያማቸውም፣ እንግዳ ቢመጣም አንድ ዙር። ምኞቴን ስነግራቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ዙሬን እስክጨርስ አንተ ሦስት ቃል ትይዛለህ። ኢንሻአላህ ለሰርጉ ትደርሳለህ።»

ሦስት ቃል ለእኔ አነሰብኝ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዴ አጥብቄ እይዘዋለሁ አልኳቸው። ክረምቱ መጣ፤ አገሬ ደርሼ ተመለስኩ። ስፌቱ አልቆ ተሰቀለ። በሰርጉ ቀን ሥጋ የሌለበት ምግብ ለብቻዬ ሠርተው አቀረቡልኝ፤ ጥግ ይዤ፣ ላልገባኝ ቀልድ ሁሉ ፈገግ እያልኩ ዋልኩ። ከዚያ በኋላም ሁለት ክረምት አለፈ።

ዘንድሮ አዴን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ዝም አሉ። ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ጊደር መጋላ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ አጠገባቸው እንድቀመጥ ለመነችኝ።

እንደተቀመጥኩ እጄን ያዙና በሐረሪኛ መናገር ጀመሩ። ረጅም ነገር ነው፤ ምላሳቸው ይከብዳል፣ ቆም ይሉና ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። መልስ እንደሚጠብቁ ገባኝ። «አይዞዎት አዴ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ከመጀመሪያው ደገሙልኝ፣ በዝግታ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው። አሁንም «አይዞዎት» አልኩ። እጄን ለቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ልጃቸው ስትመለስ ተኝተው ነበር። እናቷ መናገራቸውን ስነግራት የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀምጣ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ከታመመች ጀምሮ ለእኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰችልንም» አለችኝ። «ምን አለችህ?»