ጮክ ብለሽ ተናገሪ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ የተማርኩት በእግሬ ነው ብል ማን ያምነኛል? በደርግ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የስደተኞች መጠለያ፣ አንድ ደብተር ለሦስት ነበር የሚደርሰን። ከጎንደር አብረውን የተሰደዱት መምህር ይርጋ ታዲያ ግሱንም ተውሳከ ግሱንም እያስኬዱ ያስተምሩን ነበር። «ዎክ ስሎውሊ!» ሲሉ እንደ ደከመ አህያ እንጎተታለን፤ «ዎክ ኩዊክሊ!» ሲሉ ጥቁሩን አፈር እያቦነንን እንፈተለካለን። መሄድ ያው መሄድ ነው፣ አካሄዱን የምትለየው ያቺ ተከታይዋ ቃል ናት ይሉን ነበር። ወይ ደስታ! የሰሊጡ ማሳ ሽታ እያወደን ስንተራመስ ረሃቡም ይረሳን ነበር።

አንድ ቀን ሃዋጃዋ መጣች፤ ነጮቹን እንዲያ ነበር የምንላቸው። ገዳሪፍ ከተማ ትምህርት ቤት ለአንዲት ልጅ ቦታ ተገኝቷል፤ የምትመርጠው እሷ ናት። ያ ቦታ ካመለጠኝ ከእናቴ ጋር ሰሊጥ አጨዳ መውረዴ ነው። ፈተናው በራኩባው፣ በሣር ዳሱ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተደርድረው ሆነ። አባዬም መካከላቸው ነበር።

ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ፈጠን ብዬ ሄድኩ። መምህር ይርጋ በደስታ መቆሚያ መቀመጫ አጡ። ከዚያ «ስፒክ ላውድሊ!» አለችኝ፤ ስምሽን ጮክ ብለሽ ተናገሪ ማለቷ ነው። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት እንዴት ትጮሃለች? አንገቴን ደፍቼ አንሾካሾክኩ። ደገመችልኝ፤ አሁንም ሹክሹክታ። ያላወቅኩ መስሏት ወረቀቷ ላይ ልትጽፍ አቀረቀረች። አለቀልኝ!

መምህር ይርጋ ለአባዬ ነገሩን ሹክ አሉት። አባዬ ብድግ አለ። ቤት ውስጥ ከት ብዬ ስስቅ እንኳ የሚቆጣኝ አባዬ! «ይሉኝታውን ተይው ልጄ! ፈቅጄልሻለሁ፣ ጩኺ!» አለኝ።

ጮኽኩ። እንዴት ያለ ጩኸት! ውሃ ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን መጣ ብለው እየሮጡ ደረሱ። ሃዋጃዋ ሳቀች፤ ቦታውም የእኔ ሆነ።

ዛሬ ልጆቼ እንግሊዝኛን ተቀምጠው ከስልክ ይማሩታል። ጎበዞች ናቸው፤ ግን እንደኛ ሲቦርቁበት አላይም። አባዬ አርጅቷል፣ ጆሮውም ከድቶታል። ልጆቼ አያታቸውን አክብረው ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግሩታል፤ እሱ ግን አይሰማቸውም። እኔ ጎረቤት እስኪሰማ «አባዬ፣ እንዴት አደርክ?» ብዬ እጮሃለሁ። «ተመስገን፤ የአንቺ ድምፅ ይሰማኛል» ይለኛል።