«መነጽርዎ ይሆናል» ያልሁ ቀን

ዓባይ ማዶ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም «መምህር» እንላቸዋለን። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የልጅነታቸውን ነገር ለልጅ ልጆቻቸው መጻፍ ሲጀምሩ አሮጌ ላፕቶፔን ሰጠኋቸው። ዕድሜው የገፋ ስለነበር ሊኑክስ የሚባለውን፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚቀልለውን ሥርዓት ጭኜበታለሁ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው በሁለት ጣት ሲጽፉ ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ደህና የሚሠራ ነገር ሳልነካካ መተው አልችልም። ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ ድባ ልሄድ ስል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ላፕቶፑን አዘመንሁላቸው። የሥርዓቱ አስኳል የሆነው ከርነል ሳይቀር በአዲስ ተተካ። አጥፍቼ ላስነሳውና ልየው አላልሁም። «አሁን እንደ አዲስ ሆኗል» ብያቸው ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ደወሉልኝ። እህል ገበያው መሀል ቆሜ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር።

«ልጄ፣ ፊደሉ ይርገበገብብኛል» አሉኝ። «ብልጭ ድርግም ይላል።»

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «መምህር፣ መነጽርዎ ይሆናል፤ ዓይንዎን ይታዩ» አልሁና ዘጋሁት። ቀደም ሲል በአንድ ዓይናቸው ላይ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር መልሱ አፌ ላይ ቀረበልኝ። እሳቸውም ደግመው አልደወሉም። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሁለቴ መጥራት ነውር የሚመስላቸው ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ በእሳቸው ቤት ስለ ኮምፒውተር የእኔ ቃል አይታጠፍም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ላፕቶፑ በነጠላ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባጃጅ ይገጨኛል ብለው ከሰዓት በኋላ ወደ ጣና ዳር መውጣታቸውንም ትተዋል።

«መጻፉስ?» አልኋቸው።

«ተውሁት። ዓይኔ እየሄደ ነው» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በረጋ ድምፅ።

«ሐኪም ምን አለ?»

«አልሄድሁም። ቁርጤን መስማት ፈራሁ።»

«መጽሐፍ ሲያነቡስ?»

«እሱንም አልከፈትሁም።»

እስካሁን የጻፉትን ላሳትምላቸው ብዬ ላፕቶፑን አውርጄ ከፈትሁት። ስክሪኑ ይርገበገባል። ክው አልሁ።

መጀመሪያ ገመዱ የላላ መስሎኝ ክዳኑን ወዲያ ወዲህ አነቃነቅሁት፤ ለውጥ የለም። ብርሃኑን ጨመርሁ፣ ቀነስሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ያ ማዘመን ትዝ አለኝ። ደግነቱ ሊኑክስ አዲስ ከርነል ሲጫንበት የበፊቱን ወዲያው አይጥለውም። አጥፍቼ አስነሳሁትና ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የድሮውን መረጥሁ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ፊደሉ እንደ ግድግዳ ጽሑፍ ቆመ።

ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁላቸውና «እስቲ ያንብቡልኝ» አልሁ። ሲፈሩ ሲቸሩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ጽሑፍ አንድ ገጽ ሙሉ፣ አንድም ቃል ሳይስቱ፣ ተወጡት። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ዓይንዎ አልነበረም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ሳላይ ነው የተናገርሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ፊታቸውን ወደ ግቢው መለሱ።

«ከዚህ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው» አሉኝ። «እስከ ውጪው በር አርባ ስድስት። ለሰው ሸክም እንዳልሆን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስለማመድ ነው የሰነበትሁት።»