ከማላውቃት ልጅ ጋር የተሳሳምኩበት ዓርብ

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አካባቢ፣ እሁድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ፣ ዩለስ ከተማ ውስጥ የምኖርበት አፓርታማ በር ተንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሐበሾች መንገድ ላይ ቆመው ሰላምታ ሲያስረዝሙ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይረበሻል።

ያንኳኩት ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ዲቪ ደርሷቸው የመጡ፣ ኤርፖርት ውስጥ በጽዳት የሚሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ብርቱካን ሃያ አንድ ዓመት አልፏታል ተብላ አብራቸው መምጣት ስላልቻለች ዓረብ አገር ሄደች።

እኔ ለእህቴ ሰርግ በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ልሄድ ነበር። ሪቻርድሰን ካለው መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጃለሁ። ዱባይ ላይ አንድ ቀን አርፋለሁ።

"ሕሊናዬ፣ አል ዓይን የሚባለው ከተማ ለዱባይ ቅርብ ነው አሉ።"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ።"

"ቅርብ ነው። ጠይቄያለሁ።" ፌስታል ዘረጉልኝ። ውስጡ ወፍራም ሹራብ አለ።

"እትዬ፣ በረሃ እኮ ነው!"

"ኤሲው ይበርዳታል። አንቺ ዝም ብለሽ ያዢ።"

መንገደኛ ላይ ዕቃ መጫን እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እምቢ ማለት ደግሞ እኔ አልችልበትም። ሹራቡ ግን ሰበብ ነበር። ብርቱካን ከደወለች ወራት አልፈዋል። ከብርቱካን አሠሪዎች ጎረቤት ቤት የምትሠራ ሌላ ሐበሻ ልጅ ናት አልፎ አልፎ እየደወለች "ደህና ናት" የምትላቸው።

"ደህና ከሆነች አፏ የት ሄደ?" አሉኝ። "በዓይንሽ እይልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።"

ቀጠሮውን ያመቻቸችው ያቺው ጎረቤት ናት። የብርቱካን ማዳም ዓርብ ከሰዓት ልጆቿን ሙዚየም ወደሆነው አሮጌ የጭቃ ምሽግ ትወስዳለች፤ ብርቱካንም አብራ ትሄዳለች። ነገር ግን የማንተዋወቅ መምሰል አለብን። ደላላው "ውጭ ዘመድ ያላትን ትጠፋለች ብለው አይቀጥሩም" ስላላት፣ አሜሪካ እናት እንዳለቻት ደብቃ ነው የተቀጠረችው። ስለዚህ እኔ አይቻት አልፋለሁ፣ ፌስታሉን ሴቶች መጸዳጃ ቤት እተዋለሁ፣ እሷ ታነሳዋለች።

ዓርብ ጠዋት ከዱባይ በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ አሸዋ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሳይታሰብ አረንጓዴ ከተማ ይመጣል። ጊዜ ስለተረፈኝ የቴምር ዛፎቹ መሃል ገባሁ። በጭቃ አጥር መካከል ጠባብ መንገድ አለ፣ ከሥሩ በድንጋይ ቦይ ውሃ ይሄዳል። በዚያ ሙቀት ውስጥ እንዲያ ያለ ጥላ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ምሽጉ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ገቢ እኔ ነበርኩ። የግመል ኮርቻ፣ የሙሽራ የብር ጌጥ፣ ከቴምር ዝንጣፊ የተሠራ ጀልባ ተደርድሯል። እኔ ሙዚየም ስገባ እያንዳንዱን ጽሑፍ የማነብ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከበሩ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጥበቃው ራሱ ያየኝ ጀመር።

መጡ። ማዳሟ ከፊት፣ ሁለት ልጆች፣ ከኋላ ነጭ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ። በፎቶ ስለማውቃት ወዲያው ለየኋት። በአጠገቤ ስታልፍ መሬት መሬቱን አየች። እኔም ግድግዳውን አየሁ።

ማዳሟ ቆመች። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች።

"ሐበሻ ነሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ሰላም አትባባሉም? የእኔ ሠራተኞች ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ሐበሻ ካገኙ የገዛሁት ዶሮ በረዶው እስኪሟሟ ነው የሚሳሳሙት። ተጣልታችኋል?"

ዝም ማለታችን ያድነናል ብለን ነበር፤ ያጋለጠን እሱ ሆነ። ለሰው ቀድሜ ሰላምታ መስጠት የማልደፍር ሴት፣ ፌስታሌን እንደያዝኩ ሄጄ ብርቱካንን አቀፍኳት።

"ደህና ነሽ? ሰላም ነሽ?"

"ደህና! አንቺስ?" ጉንጬን ሳመችኝ። ድምጿ የሰላምታ ድምፅ ነው፣ ፊቷም ፈገግ ብሏል። "ትንሿ ልጅ አንዳንድ የአማርኛ ቃል ታውቃለች፣ 'እናት' እንዳትይ። ሁሉ ሰላም?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ከታች ፎቅ ያሉት ናቸው የላኩኝ። ለምን አትደውይም?"

በሌላው ጉንጬ ዞረች። "የዳላስ ቁጥር አገኙብኝ። የጓደኛዬ ነው ብል አላመኑኝም፣ ስልኬን ወሰዱት። ሰፈሩ እንዴት ነው?"

"ደህና፣ ደህና። ይመቱሻል?"

"አይመቱኝም። ከኮንትራቴ ስድስት ወር ነው የቀረኝ፣ እጨርሰዋለሁ። ወፍራለች በያት። የስልኩን እንዳትነግሪያት፣ እንቅልፍ አይወስዳትም። እግዚአብሔር ይመስገን!"

"አሁን ገና ሐበሻ ሆናችሁ!" አለች ማዳሟ እየሳቀች። ሹራቡን አውጥቼ "ለአገሬ ልጅ ስጦታ" አልኩ። ማዳሟ ዳበስ አደረገችውና፣ "በዚህ አገር?" ብላ ይበልጥ ሳቀች። ብርቱካን ሹራቡን ብብቷ ሥር ከትታ ልጆቹን ተከትላ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ያን ሌሊት ሆቴል ውስጥ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት፣ አውሮፕላኔ ከመነሳቱ በፊት፣ ኤርፖርት ውስጥ ካርድ ገዝቼ ዩለስ ደወልኩ። እዚያ ገና ዓርብ ማታ ነው። እትዬ ዘነቡ ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሱት።

"አየሻት?"

"አየኋት።"

"ወፍራለች" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ አልወጣም አለኝ። የስልኩን ነገርኳቸው፣ ቀጠል አድርጌ የስድስቱን ወር። ብርቱካን አደራ ብላኝ ነበር። ልክ መሥራቴን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ደረጃው ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ይህንኑ አስባለሁ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው ሲያዞሩት ተሰማኝ። ካርዱ እያለቀ መሰለኝ።

"አልመቷትም?"

"አልመቱኝም ብላኛለች። እኔም ያየሁባት ምልክት የለም።"

"እንግዲያው መልኳን ንገሪኝ። ከላይ ጀምሪ። አታሳምሪልኝ።"

ከሻሿ ጀመርኩ። ከሻሹ ስላመለጠው ፀጉሯ፣ ስለ ግንባሯ፣ ጎደል ስላለው ጉንጯ፣ ስትስመኝ ስለሰማሁት ትንፋሿ ነገርኳቸው። እሳቸው "እሺ" ብቻ ይላሉ። በረራዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። እኔ ገና እጆቿ ላይ ነበርኩ።